አርባው እስኪወጣ

ከአበልጅ ጋር ውል አይጻፍም። ከሜሪ ጋር ያልተጻጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ልጄን ዝማሬን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት። ሌላ ምክንያት የሚፈልግ ካለ ሞኝነቴን ይቁጠረው፤ አልቀየመውም።

ጂቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ስምንት ዓመት ልብስ አጥቤአለሁ። መጀመሪያ የከባድ መኪና ሾፌሮቻችንን ቱታ በእጄ፣ ኋላ በሁለት ማሽን። የዚህ አገር ውሃ ጨዋማ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ያጠቁራል። መጨረሻ ሲለቀለቅ ኮምጣጤ ጠብ ማድረግን ማንም አላስተማረኝም፤ ስንት አንሶላ አበላሽቼ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። አምቡሊ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ አንድ ሆቴል ይህን አይቶ የቤቱን አንሶላ በሙሉ ልስጥሽ አለኝ። ግን ከግለሰብ ጋር አይዋዋልም፤ ድርጅት አቋቁሚና ነይ አለ።

ሜሪ እዚሁ ጂቡቲ ተወልዳ ያደገች ናት። አባቷ በድሮው ባቡር ዘመን ከድሬዳዋ መጥቶ የቀረ ሰው ነበር። ፓስፖርቷ የጂቡቲ፣ ፈረንሳይኛዋ የጉድ ነው።

“አበልጄ፣ አንቺ የውጭ ዜጋ ነሽ፤ በስምሽ ከሆነ አይሆንልሽም” አለችኝ። “በእኔ ስም ይውጣና አንቺ ሥሪ። በእኔና በአንቺ መሀል ምን አለ?”

ምን ይኖራል? ምንም የለም አልኳት።

ቡላኦስ ሰፈር ወይዘሮ ናዒማ የሚባሉ ውል አዋዋይ ዘንድ ሄድን። የድርጅቱ መተዳደሪያ ደንብ አሥራ አንድ ገጽ ፈረንሳይኛ ነው። ወይዘሮ ናዒማ እኔን እያዩ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ ሜሪ በአጭሩ መለሰችላቸው። ምን አሉ ብዬ ልጠይቃት አሰብኩ። ግን ሰው ሥራውን ትቶ፣ ለእኔ ብሎ ተቀምጦ፣ እንደ ሌባ ላጣራበት? ይሉኝታ ያዘኝ። ማሽኖቼን ለድርጅቱ የሰጠሁበትን ወረቀት ፈረምኩ፤ የቅጥር ውሌንም ፈረምኩ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በሜሪ ስም ወጣ፤ እኔ ተቀጣሪው ሆኜ የመኖሪያ ፈቃድ አገኘሁ።

ሦስት ዓመት ሠራን። ሜሪ የላቤን አንድ ቀን ነክታብኝ አታውቅም፤ ይህን አለመናገር ግፍ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ያ የእሳት ነፋስ ሲነፍስ፣ ደም ግፊት ጣላት። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ልጅ አልነበራትም። ወራሿ ወንድሟ አበባው ብቻ ነው፤ ከፈረንሳይ መጣ። ለቀስተኛ የተኛበትን አንሶላ ሁሉ ያጠብኩት እኔ ነኝ። እያለቀስኩም ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ድርጅቱ የእኔ መሆኑን የምታውቀው ሜሪ ብቻ ነበረች። ለአበባው ልነግረው ሁለት ጊዜ ተነሳሁ። በሁለተኛው የዕድራችን እትዬ ሲምቦ ክንዴን ያዙኝ።

“አፈሩ ሳይደርቅ ንብረት ታነሺያለሽ? ተይ የኔ ልጅ። አርባው ይውጣ።”

አፈርኩ። እሳቸው እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ነው ያደግነው። ጠበቅሁ።

አርባዋን ደገስኩላት። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ስገባ የበሩ ቁልፍ ተቀይሯል። አበባው ከውስጥ ከፈተልኝ። ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ማሽኖቼን እየከፈቱ ያያሉ።

“እህት ሰብለወርቅ” አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ፤ “የውርሱን ወረቀት ጨርሼ ድርጅቱን ሸጬዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሆነው። በሐዘን መሀል ልነግርሽ ከብዶኝ ነው።”

“ድርጅቱ የእኔ ነው” አልኩት።

“ወረቀቱ ተቀጣሪ ናት ነው የሚለው። ከመሸጤ በፊት ብትነግሪኝ እኮ እንነጋገር ነበር።”

“ሐዘን ላይ ነበርን።”

“አዎ” አለ።

ገዢዎቹ የራሳቸው ሠራተኛ አላቸው። ሥራዬ ሲያልቅ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ያልቃል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ልጄን ይዤ መውጣቴ ነው። ምናልባት መላ ቢኖር ብዬ ወይዘሮ ናዒማ ዘንድ ተመለስኩ። አስተርጓሚ አድርጌ ይዤ የሄድኩት ዝማሬን ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ትምህርቷ በፈረንሳይኛ ነው።

ወይዘሮ ናዒማ መዝገቡን አገላበጡ። ልጄ እየተቀበለች ነገረችኝ።

“ሽያጩ በሕግ ነው የተፈጸመው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም አሉ።” ቀጥላ፦ “ለምን በራሷ ስም አላቋቋመችም አሉ፤ የውጭ ዜጋ ይችላል።”

“አይችልም ተብዬ ነው በያቸው።”

ነገረቻቸው። ሴትየዋ መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩኝና ቀስ ብለው ተናገሩ። የዝማሬ ድምፅ እየወረደ መጣ።

“ያን ቀን ፊት ለፊቷ ተናግሬአለሁ አሉ። ይቻላል፣ በስሟ ታውጣ ብዬ ነበር አሉ። የክርስትና እናቴ… ‹እሷ ታውቃለች፣ እንዲህ ይሻለኛል ብላለች› ብላ መለሰችልኝ አሉ።”

ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይባላል። እኔ ቀብሬም አልሆነልኝም። አርባ ቀን ያለቀስኩላት ቆጨኝ። ስለ ምን ዋሸችኝ? ለእኔ አስባ ይሁን ለራሷ፣ ማንን ጠይቄ ልወቅ? ብትነሳ በጥፊ እላት ነበር።

ዝማሬ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

“እማዬ፣ የክርስትና እናቴ ይህን ነግራሽ ነበር አይደል?”

“አዎ” አልኳት። “ነግራኝ ነበር።”