ቆሞ ቁልፍ ያስረከበ ንጉሥ

የሰደበኝ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ምሳ፣ አማቴ ታክመው ከሆስፒታል የወጡበት ዕለት። ጎሚስታ ነኝ፤ ከሥራ በቀጥታ ነው የሄድኩት። ልብሴን ቀይሬ፣ እጄን በሳሙናና በአሸዋ ፈትጌ ነበር። ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል። አዲሱ ሶፋ ላይ ልቀመጥ ጎንበስ ስል እሱ ብድግ አለና ጋዜጣውን ዘርግቶ አነጠፈልኝ።

«እዚህ ላይ ተቀመጥ» አለኝ። «ለማንበብ ባይሆንህ ለመቀመጫ ይሆንሃል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አማቴ እንኳ የተሰፋ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ። ሚስቴ አፏን በመዳፏ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይርገፈገፍ ነበር። ጋዜጣው ላይ ተቀመጥኩ፤ የቀረበልኝንም በላሁ። ይሄ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል። ሰው «ቀልድ ነው፣ እርሳው» ይለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሰውዬው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ሰፈሩ «ከረባት» ይለዋል፤ ሲተኛም አያወልቃትም ይባላል።

አምና አንድ የቲያትር ማኅበር ሰፈራችን መጣ። ትኬት አይሸጥም፣ ትርፍ አይፈልግም፣ የሚሠራው የጥንት ነገሥታት ቲያትር ብቻ ነው። በትምህርት ቤት፣ በመጋዘን፣ በሆስፒታል ግቢ ያሳያል። ከማሳየቱ በፊት ደግሞ ፈቃደኛ የሆነውን የሰፈር ሰው ሰብስቦ ያስተምራል። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ አተነፋፈስ ነበር። «ትንፋሽ ደግሞ ይማሯል? እስከዛሬ በምን ኖርኩ?» ብዬ ሳቅሁ፤ በማግስቱ ግን ከሁሉ ቀድሜ ተገኘሁ።

ማኅበሩ ደንብ አለው። የሰፈር ሰው ንጉሥ ይሆናል፤ የማኅበሩ ተዋናዮች፣ እነዚያ በቴሌቪዥን የምናያቸው፣ አሽከርና ወታደር ይሆናሉ። ድርሻህን ከተቀበልክበት ቀን ጀምሮም የምትጠራው በሱ ነው። ለኔ ሽማግሌው ንጉሥ ደረሰኝና ለመንገዱ ሁሉ ንጉሥ ሆንኩ። ሾፌሮቹ ሳይቀሩ «ንጉሥ ሆይ፣ የኋላ ጎማዬ በድሎኛል፣ ፍረድልኝ» ይሉኝ ጀመር። በቴሌቪዥን የማውቀው አንድ ተዋናይ ካባ ይዞ ከኋላዬ ቆሞ «ይመቻል፣ ጌታዬ?» ሲለኝ፣ ደረቴ ሸሚዜን ሊቀድ ደረሰ። በሕይወቴ ጌታዬ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ድርሻዬን ያጠናሁት ከራት በኋላ ሚስቴ እያነበበችልኝ ነው። እኔም አነባለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው። እሷ ደግሞ የምታነበው ንግግሩን ብቻ ነበር፤ በቅንፍ ያለውን ትዘለዋለች። «ይሄ የሚነገር አይደለም» እያለች።

የቲያትሩ ታሪክ ቀላል ነው። ሽማግሌው ንጉሥ ተሸንፎ የከተማውን ቁልፍ ለድል አድራጊው ያስረክባል፤ ሕዝቡም ከመቃጠል ይተርፋል። ድል አድራጊ የሚሆን ሰው ጠፍቶ ቆይቶ ነበር። አንድ ቀን ለልምምድ ስገባ ከረባት ቀይ ካባ ደርቦ መድረኩ ላይ ያገሳል። ክስ ሲያነብ የኖረ ጉሮሮ ነው፤ ጣሪያው ይንቀጠቀጥለታል።

«ኧረ ንጉሥ!» አለኝ። «እንኳን መጣህልኝ!»

ቁልፉ ጋ ስንደርስ የቲያትሩ አዘጋጅ አስቆመችን። ወጣት ናት፣ ግን ስትቆጣ ትልቅ ትንሽ አትልም።

«እዚህ ላይ ይንበረከካሉ» አለችኝ።

«ማን?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«ለማን?»

ወደ ከረባት አየች። ከረባት ካባው ውስጥ እጁን ከትቶ ከረባቱን አስተካከለ።

«በቅንፍ ተጽፏል እኮ፣ ንጉሥ» አለኝ።

«ጉልበቴን ያመኛል።»

«ለልምምዱ ይቅር። በዕለቱ ግን ይንበረከካሉ። ቆሞ ያስረከበ ንጉሥ ከተማውን ያስቃጥላል።»

ይቃጠላ፣ ልላት ነበር። 

ቤት ስገባ ሚስቴን ያዝኳት። «በቅንፍ ያለውን ለምን አላነበብሽልኝም?»

«እኔ ምን አውቄ? ደግሞ ቲያትር አይደለም እንዴ? ተንበርክከህ ትነሣለህ።»

«ለወንድምሽ?»

«ለድል አድራጊው!»

«ድል አድራጊው ወንድምሽ ነው።»

«ኤዲያ! አንተ ቂምህን እንደ ጎማ ትነፋዋለህ። አንድ ቀን ይፈነዳብሃል።»

«እኔ የነፋሁት አይፈነዳም» አልኳት።

ያሳየነው እሑድ ከሰዓት በሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ነው። ሰዉ ጆንያ ላይ፣ አግዳሚ ላይ፣ መስኮት ላይ ተሰቅሏል። ሚስቴና አማቴ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እስከ ቁልፉ ድረስ ሁሉም እንደ ቅቤ ሄደልኝ። የእንጨቱን ቁልፍ ይዤ ወደ ከረባት ተራመድኩ። ካባ ያዤ፣ ስንበረከክ እንዳይጠልፈኝ፣ ካባዬን ወደ ኋላ ሰበሰበልኝ። ከበሮው ዝም አለ።

ቆምኩ። ቁልፉን በሁለት እጄ ዘረጋሁ። ከረባት ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ። ዓይን ለዓይን ተያየን።

ከረባት የተጻፈ ነገር የሚያከብር ሰው ነው፤ ቃል አይጨምርም፣ ቃል አይቀንስም። ቀጥሎ የተጻፈለትን በዚያ ጉሮሮው ለቀቀው።

«ተነሣ፣ ሽማግሌ! ድል አድራጊ ምሕረትን ያውቃል!»

 አንዲት አትክልት ሻጭ ከጆንያዋ ላይ ጮኸች፦ «ውይ! ቆሟል እኮ! ከዚህ በላይ ወዴት ይነሣልህ?»

ሳቁ ፈነዳ። ከረባት ደነገጠና ይባስ ብሎ ደገመው። «ተነሣ አልኩህ!»

«የመኪና ክሪክ አምጡለት!» አለ አንድ ሾፌር። «ያለ ክሪክ አይነሣም!»

ሰው አንዱ በአንዱ ላይ ተጋደመ። ከከረባት ጆሮ ሥር ላብ ይወርዳል። ቁልፉን እጁ ውስጥ አስቀመጥኩለት፤ ጣቶቹን እንኳ በቅጡ አልጨበጠም። አልጸጸትም። ዛሬም አልጸጸትም።

እንደጨረስን ከመጋረጃው ጀርባ አዘጋጇ ጠበቀችኝ።

«በሰው ሁሉ ድካም ነው ያሾፉት!»

«ሳቁ እኮ።»

«የሚያለቅሱበት ቦታ ነው! የልጅዎን ለቅሶ ማን ሰማው?»

እውነቷን ነው። ከቁልፉ ቀጥሎ፣ በቲያትሩ ስለሞተው ልጄ የምናገረው አለ፤ እንደዚያ ለፍቼበት ማንም አልሰማውም።

«አሁን ወጥተው ሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቁታል። በሚቀጥለው ሳምንት ሆስፒታል ስናሳይ ደግሞ ይንበረከካሉ። እምቢ ካሉ ዘውዱን ለሌላ እሰጠዋለሁ።»

ዘውዱ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ነው፤ ግንባር ይቧጥጣል። ይሁን እንጂ በዕድሜዬ ጭንቅላቴ ላይ ከወጣው ነገር ሁሉ እሱን ነው የወደድኩት።

ማኅበሩ ቲያትሩ ሲያልቅ ተጫዋቾቹን በወንበር ደርድሮ ተመልካቹ እንዲጠይቃቸው ያደርጋል። ወጥተን ተደረደርን። የመጀመሪያው ጥያቄ ከዚያው ከሾፌሩ መጣ፦ «ንጉሡ ለምን አልተንበረከከም?»

ማይክሮፎኑ ወደኔ ሲመጣ ከረባት ከመሐል ቀለበው።

«ቆይ፣ እኔም ልጠይቀው» አለ። ያ ሁሉ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። «የእህቴ ባል ነው። ቤቴ ይበላል፣ ቤቱ እበላለሁ። አንድ ቀን ክፉ ተነጋግረን አናውቅም። እስቲ ንገረኝ፣ ወንድሜ፣ እኔ ምን በድዬህ ነው?»

ፊቱን አየሁት። ሲያስመስል አውቀዋለሁ፤ አያስመስልም ነበር። ሙልጭ አድርጎ ረስቶታል። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሚስቴ ግን አንገቷን ደፋች።

ማይክሮፎኑን አፌ ሥር አደረገው። መጋዘኑ በሙሉ ወደኔ አጋደለ። የጋዜጣውን ነገር ባወጣው ይሄም ሁሉ ሰው ይስቅብኛል።

«ንጉሥ» አለች አዘጋጇ ቀስ ብላ፣ «ይመልሱለት እንጂ።»

ተነሣሁ። ዘውዱን አውልቄ ለካባ ያዤ ሰጠሁት፤ ካባውንም ከላዩ ደረብኩለት። ከመድረኩ ወረድኩ። ሰዉ እግሩን እየሰበሰበ መንገድ ለቀቀልኝ፤ አንዳንዱ ቀና ብሎ ያየኛል፣ አንዳንዱ ጫማውን ያያል። ሚስቴን አልፌያት ሄድኩ። ከረባት ማይክሮፎኑን እንደዘረጋ ነው መሰለኝ፣ ከኋላዬ ትንፋሹ በድምፅ ማጉያው ይሰማል። የመጋዘኑን በር በትከሻዬ ገፋሁትና ወጣሁ።