ለእማዬ የሚሆን መኪና

ወንድሞቼ መኪና መምረጥ ከጀመሩ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። ታላቄ መካኒክ ነው፤ የራሱ ጋራዥ አለው፤ ከቶዮታ ሌላ መኪና ተሠርቷል ብሎም አያምንም። ታናሻችን ቢሮ የሚውል ሰው ነው፤ ፀጉሩ መሸሽ ጀምሮ እንኳ ዛሬም ማሙሽ ነው የምንለው። እሱ ደግሞ ስልኩ ላይ ያነበበውን ሁሉ እየጠቀሰ ለሆንዳ ይሟገታል። እማዬን የማለብሳትና ደግፌ የማመላልሳት እኔ፣ መሀላቸው ቁጭ ብዬ እቁለጨለጫለሁ።

እማዬ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አለባት። የምትሄደው በኮንትራት ታክሲ ነው፤ ሾፌሩ ልብ አውልቅ ነው። ባለፈው «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ አስረፈደንና አልጋዋን ለሌላ ሰው ሰጡባት። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏት፣ ኮሪደር ላይ እስከ ማታ ተራ ጠበቅን። ነርሷ ወደ ጎን ወስዳ «እህቴ፣ እንዲህ እየዘገየ ከሄደ ልቧ አይችለውም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። መኪና ባለፈ ቁጥር ተነስቼ በመስኮት አያለሁ።

የነርሷን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ለወንድሞቼ ነገርኳቸው። በማግስቱ ተጠራርተው መኪና እንግዛ አሉ። ደስ አለኝ፤ ክርክሩ ማለቂያ እንደሌለው ምኑን አውቄ።

«ቶዮታን የሚያህል የለም» ይላል ታላቄ። «ዕቃው በየሱቁ ሞልቷል፤ ማንም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፤ ልሽጠው ብትል ገዢ ይሻማበታል።»

«ጋሼ፣ አንተ እኮ የምትገዛው ስሙን ነው» ይላል ማሙሽ። «በዚያው ዋጋ ዕድሜው ያነሰ ሆንዳ አይገኝም? ሞተሩን የነዳ ሁሉ ይመሰክርለታል።»

«ሆንዳ መጥፎ ነው አልወጣኝም። ዕቃ ፍለጋ ስትንከራተት እማዬን አዝለህ ልትሄድ ነው?»

«አይበላሽማ። እሱን እኮ ነው የምልህ።»

ጎረቤታችን ብቅ ሲል ኒሳን ይላል። የማሙሽ ሚስት ደግሞ ሱዙኪ ነዳጅ አትጠጣም ትላለች። ሁሉም የራሱን ያሞግሳል። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ መኪና አዋቂ ሆነ፤ መኪና ግን የለንም።

ማየቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ታላቄ ሻጩን ሰላም ከማለቱ በፊት መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል። ኮፈኑ ሞቅ ካለው አለቀ፤ «ሕመሙን ሊደብቁኝ ቀድመው አስነስተውታል፤ ሞተር የሚታወቀው ከቀዝቃዛው ሲነሳ ነው» ብሎ ይመለሳል። አንዱ ምስኪን ሻጭ እኛው ና ብለነው ከሌላ ሰፈር ነድቶ መጥቶ ነበር። እሱንም ሞቋል ብሎ ትቶት መጣ። የዚያን ቀን ቆሽቴ አረረ።

ማክሰኞ ጠዋት «ዛሬ እኔም እሄዳለሁ፤ ሳይገዛ የሚመለስ የለም» አልኳቸው። እማዬን ብቻዋን ጥሎ መውጣት ስለማይሆን እሷንም ደጋግፈን ወሰድናት። ደላላው ግቢ ውስጥ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ቶዮታ፣ አንዱ ሆንዳ። የሁለቱም ኮፈን ቀዝቃዛ ነው፤ ሁለቱም ቢያስነሷቸው ያለ ምንም ማንገራገር ተነሱ። ተመስገን ከማለቴ ክርክሩ እንደ አዲስ ፈነዳ። እማዬ መቆም ሲያቅታት ቅርብ ያለውን መኪና ከፍቼ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ አየር እንድታገኝም በሩን ክፍት ተውኩት።

«ይሄ አሥራ አምስት ዓመት ያለ ሐሳብ ይነዳል» አለ ታላቄ ቶዮታውን መታ መታ እያደረገ።

«ይሄኛው ደግሞ ሃያ ይሞላል» አለ ማሙሽ።

«ኧረ ሁለቱም ለልጅ ልጅ ይተርፋሉ» አለ ደላላው፣ ነገሩን ያበረደ መስሎት።

«ልጆቼ» አለች እማዬ ከመኪናው ውስጥ፣ «እኔን ስንት ዓመት ልታመላልሱኝ አስባችሁ ነው?»

ታላቄ ጨርቅ አውጥቶ ያልቆሸሸ እጁን ይጠርግ ጀመር። ማሙሽ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ለካ እነዚህ ሰዎች ሃያ ዓመት ባሉ ቁጥር ለእሷ ሃያ ዓመት እየቆረጡላት ነበር። ስንት ቀን ሙሉ ስናደድባቸው ከርሜ አሁን ሆዴ ባባ።

«ቶዮታው ይሁን» አለ ማሙሽ ቀስ ብሎ።

«አይ፣ አንተ እንዳልከው ሆንዳው ይሁን።»

«ጋሼ ሙት፣ ቶዮታው ይሁን።»

በዚህም ሊከራከሩ ነው።

«ነገ ረቡዕ ነው» አለች እማዬ። «ነገ ጠዋት ከተነሳልኝ ይሄ ይበቃኛል። እኔ ከዚህ አልወርድም።»

ለደላላው እሷ የተቀመጠችበትን አልኩት።

ውሉን ተፈራርመን ስንወጣ ታላቄ ነዳ፤ ማሙሽ አጠገቡ ተቀመጠ። ስለ ማርካ ትንፍሽ ያለ የለም። እማዬ ትከሻዬ ላይ ደገፍ ብላ መንገዱን ታያለች። «ደህና ይሄዳል» አለች አንድ ጊዜ። «ስንት ዓመት» ብላ ለጠየቀችን ግን እስከ ቤት ድረስ አንዳችንም አልመለስንላትም።