የአስቻለው እናት ድምፅ

"እኚህን እናት ተመልከቷቸው!" አሉ አቶ ታዲዮስ፣ እጃቸውን ወደ ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ዘርግተው። "የገዛ ልጃቸውን ለሕግ አሳልፈው የሰጡ እናት ናቸው። ከተማችን ሞላሌ እንዲህ ያሉ አሥር እናቶች ቢኖሯት ዛሬ ስለ ሐሺሽ ባላወራን ነበር።"

ለምርጫ ተወዳዳሪዎቹ ክርክር የተሰበሰበው አዳራሽ አጨበጨበ። ወሰንየለሽ ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበችው። አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ መኳንንት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ዝቅ አደረገ። እሷ ግን የምትገባበት ጠፋት።

አስቻለው የበኩር ልጃቸው ነበር። የመንገድ ሥራ ካምፕ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ ሐሺሽ ለምዶ መጣ። መጀመሪያ ዝምታ አበዛ፤ ቀጥሎ እንቅልፍ አጣ፤ ኋላም ከቤት ዕቃ መጥፋት ጀመረ። አባቱ ሸምኖ ለገበያ ያዘጋጀውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባናውን ሳይቀር ይዞ ወጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ጠበል ወሰዱት፤ በአራተኛው ቀን ጠፍቶ መጣ። አንድ ጠዋት ወሰንየለሽ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ልታሰጣ ስታነሳ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ሐሺሽ አገኘችና ለመኳንንት አሳየችው።

"ለፖሊስ እንንገር" አለ መኳንንት። "ሁለት ቀን ታስሮ ቢደነግጥ ልብ ይገዛል።"

"ካልክ ይሁን" አለች።

ሁለት ቀን ያሉት ሁለት ዓመት ሆነ። ፍርድ ቤቱ ፈረደበት። በሰባተኛው ወር ማረሚያ ቤት ሳለ ሳንባውን ታሞ ሞተ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

አቶ ታዲዮስ ለምክር ቤት የሚወዳደሩት በድልድይ ምልክት ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አስከሬኑን ከማረሚያ ቤት ያመጣችውን መኪና የለመኑላቸው እሳቸው ናቸው። ከተመረጡ የሻጩም የአጫሹም ቅጣት እንዲከብድ እንደሚታገሉ ተናግረው ተቀመጡ።

ቀጥላ የተነሳችው ጽናት ናት፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ በእንስራ ምልክት የቀረበች የግል ተወዳዳሪ።

"እኔ ሻጩ አይታሰር አልልም" አለች። "የሚያጨሰው ልጅ ግን በሽተኛ ነው። ወባ የያዘውን እናስረዋለን? ሕጉ ተሻሽሎ በሽተኛው ወደ ሐኪም መሄድ አለበት ነው የምለው።"

"ሐሺሻሙን ልትመርቂልን ነው?" አለ ከኋላ አንድ ሰው። ሳቅ ሆነ። ጽናት ፊቷ ቀላ፤ ቢሆንም አልተቀመጠችም።

"እንውጣ" አለ መኳንንት።

"አንተ ቅደም፤ እደርስብሃለሁ።"

ስብሰባው ሲበተን ወሰንየለሽ ነርሷን ደጃፉ ላይ ጠበቀቻት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የኔ ልጅ። አስቻለውን ታውቂዋለሽ። ያንቺ ሐኪም ቢያየው ኖሮ ይድን ነበር?"

ጽናት የያዘችውን ወረቀት አጠፈች፤ ዘረጋች።

"አላውቅም፣ እትዬ። የሚድን አለ፤ የማይድንም አለ።"

"አትሸንግይኝ።"

"አልሸነግልዎትም። ይድን ነበር ብዬ ግን አልምልም።"

"ታዲያ ያኔ ምነው ዝም አልሽ? ጎረቤት ነሽ።"

"ያኔ ቢጠይቁኝም እሱን የምልክበት ቦታ አልነበረኝም" አለች ጽናት፣ ድምጿ ወርዶ። "ወረዳው ውስጥ ያለው ጠበልና እስር ቤት ብቻ ነው። እርስዎ ጠበሉን ሞክረው ነበር። የምወዳደርበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።"

ወሰንየለሽ ወደ ቤቷ አመራች። ቤቷ እስክትደርስ ያገኛት ሰው ሁሉ "ጎሽ፣ ጀግና እናት" እያለ አሳለፋት።

መኳንንት ከመሸመኛው ላይ ነበር። ልጁ ከሞተ ወዲህ ስሙን አንስቶ አያውቅም፤ ሥራውን ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ያን ዕለት ግን ክሩን አቁሞ ተናገረ።

"የዚያችን ነርስ ነገር አልወደድኩትም።"

"ምን አጠፋች?"

"በሽተኛ ነው አለች። በሽተኛ ከሆነ እኔ ምን አደረግኩ ማለት ነው፣ ወሰን? በሽተኛ ልጄን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ... ትንሽ ቆይተህ ትመጣለህ ብዬው እኮ ነው። ጫማውን እኔ ነኝ ያሰርኩለት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

የጫማውን ነገር አታውቅም ነበር። የምትፈትለውን ጠጉር እንደያዘች ቀረች።  እሱም ፊቱን መልሶ መሸመኑን ቀጠለ።

ሰኔ አሥራ አራት ሰኞ ነበር። ጉሙ ሳይገፈፍ የምርጫ ጣቢያው በሰልፍ ተሞላ። መኳንንት ቀድሟት መርጦ ወጣ። የወሰንየለሽ ተራ ሲደርስ አስመራጯ አውራ ጣቷን ቀለም ቀብታ ወረቀቱን ሰጠቻትና ወደ መጋረጃው አመለከተቻት።

ድልድዩ ከላይ ነው፤ እንስራው ከታች። እስክሪብቶውን አንስታ ድልድዩ አጠገብ አደረሰችው። እዚያ ብትፈርም ያደረጉት ሁሉ ልክ ነበር፤ ልጇም በጥፋቱ ሄደ። እንስራው ላይ ብትፈርም ግን ያ ፌስታል ከፍራሹ ሥር ሲወጣ አስቻለው ታሞ ነበር፤ እናቱም አሳልፋ ሰጠችው። ይህን በገዛ እጇ መፈረም ነው።

"እናት፣ ጨረሱ?" አለች አስመራጯ ከውጭ።

"ቆይ፣ ልጄ።"

ሌላ እናት አሁን የሆነ ቤት ፍራሽ እያነሳች ይሆናል ብላ አሰበች። እንስራው ላይ የ"ኤክስ" ምልክት አደረገች። አንደኛው መስመር ጠመመ። ወረቀቱን አራት አጥፋ ኮሮጆው ውስጥ ከተተችና እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወጣች።

መኳንንት ከበሩ ማዶ ቆሞ ይጠብቃታል። ጋቢው በካፊያው ርሷል። በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ማርጀቱን ያየችው ገና አሁን ነው።

"ለሳቸው ነው አይደል?" አላት ሳትደርስበት። "ለአቶ ታዲዮስ?"

ዓይኑን አየችው። መልሷን የሚጠብቀው እንደ ፍርድ ነበር።

"ለሳቸው ነው" አለች። "እንዳንተው።"

ትንፋሹን በረዥሙ ለቀቀ።

"እንግዲያው ልክ ነበርን በይኛ። ሁለታችንም።"

"ልክ ነበርን" አለችው።

መኳንንት "አስቻለው" አለ፤ ልጁ ከሞተ ወዲህ ስሙን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። ክንዱን ያዘችው፤ ደግፋውም ቁልቁል ወደ ቤት ይወርዱ ጀመር።