መታጠፊያው ላይ ትሮጣለህ

«ኧረ አንተ ልጅ፣ እነዚያን ወንበሮች ተዋቸው! ለቀስተኛው እኮ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገባው።»

ይህን ያለችው የሟቹ ሚስት ናት። «ልጅ» የተባለው ደግሞ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ ፀጉር አስተካካይ ነው። ከጧት ጀምሮ ወንበሮቹን ከግድግዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ሲያመላልስ ነበር የቆየው። መቀመጥ አቃተው። ሲቀመጥ ይቁነጠነጣል፣ ሲነሳ ምን ሊሠራ እንደተነሳ ይጠፋዋል።

«እሺ እትዬ» አለና ወንበሩን አስቀመጠ። ከዚያ በር ላይ ወጣ፣ ጫማዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ደረደረ፣ ተመለሰ። ደግሞ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

ያው ነው። በመጨረሻ ለወንድሙ የላከው ቀረጻ እዚያው ተቀምጧል፣ ከሥሩ መልስ የለውም። ወንድም ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ እሱን ውስጥ ውስጡን የሚበላው አንድ ነገር ነበር። ጋሼ ሰምቶት ይሆን? ከሰማውስ ምን አለ? ይህን ማንንም አይጠይቅም። «ወንድሙ ሞቶ እሱ ስለ ሙዚቃው ይጨነቃል» ይሉታል፤ ቢሉም እውነታቸውን ነው።

ሙዚቃው የኮንሰርቲና ነው። ኮንሰርቲና የአኮርዲዮን ታናሽ እህት ናት፤ በሁለት መዳፍ መካከል የምትያዝ፣ በሁለቱም ጎኗ ቁልፍ ያላት፣ ስትስባትም ስትገፋትም የምታዜም ትንሽ ሣጥን። ከተማ የሚለቅ አንድ ደንበኛ ነበር «አንተ ጋ ትሁን» ብሎ የተወለት። ከዚያ በፊት ብስክሌት ጀምሮ ትቷል፣ ንብ ማርባት ጀምሮ ትቷል፣ እጮኛ እንኳ ጀምሮ ትቷል። ጋሼም፣ ታላቁን እንደዚያ ነው የሚጠራው፣ «አንተ መቼም ጀማሪ ነህ፤ ጨራሽ አልወጣህም» ይለው ነበር።

እልህ ያዘው። አንድ ዝግ ያለ የዳንስ ዜማ መርጦ፣ ሱቁን ሲዘጋ እዚያው መስታወቱ ፊት ተቀምጦ ይለማመዳል። ዜማው መሀሉ ላይ ከፍ ይላል፤ እዚያ ላይ ተስቦ ተስቦ ያለቀው የሣጥኗ ወናፍ ዞሮ መገፋት አለበት። እጁ ታዲያ እዚያች መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ልክ እንደ ባለቤቱ መታገስ ያቅተዋል። እጆቹን በስልኩ ቪዲዮ ይቀርጽና በሌላ ከተማ ለሚኖረው ጋሼ ይልክለታል።

ጋሼ ሁልጊዜ የሚመልሰው በጽሑፍ ነበር። አይደውልም፣ ሲደውሉለትም አያነሳም። «ስልክ ላይ ማውራት የሥራ ፈት ነው» ይላል። በአካል ሲገናኙም ሌላ ሰው አያስወራም፤ ከደጃፍ ጀምሮ እስከ ስንብት እሱ ብቻ ነው የሚያወራው፣ ያውም ቤቱን በሚያናጋ ድምፅ። ከአፉ ደግሞ ማር ጠብ አይልም። «መታጠፊያው ላይ ትሮጣለህ። ፍሬን ሳትይዝ ገባህ» ይልና በሌላ ቀን ደግሞ «ዳር ዳሩ አሯል፣ መሀሉ ግን ገና ሊጥ ነው» ብሎ ይጽፋል። ፀጉር አስተካካዩን ይገርመዋል። ዕድሜውን ማተሚያ ቤት ውስጥ ከማሽን ጋር የጨረሰ፣ መሪ ያልጨበጠ፣ ሊጥ ያልነካ ሰው ይህን ሁሉ ነገር ከየት አመጣው?

አንድ ቀን እንኳ «ጥሩ ነው» አላለውም። በመጨረሻ ደሙ ፈላ። ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫውቶ ቀረጸና ከሥሩ እንዲህ ብሎ ላከ፦ «አንድ ቀን ጥሩ ነው ብትለኝ ምን ይቀንስብሃል? ይኼ የመጨረሻዬ ነው። ሣጥኗንም እሸጣታለሁ።»

በማግስቱ የመጣለት መልስ መርዶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ለቀስተኞች አብረው ገቡ። አንዷ ክንዷ ጠንካራ ዳቦ ጋጋሪ ናት፣ ሌላው የሰፈሩ ታክሲ ነጂ። ሁለቱም የሟቹ ጎረቤቶች ናቸው። «ነፍስ ይማር፣ ያጽናችሁ» ብለው ተቀመጡ። ፀጉር አስተካካዩ የሚሠራው በማግኘቱ ደስ ብሎት ሻይ አመጣላቸው። ሾፌሩ ብርጭቆውን ሲቀበል የሚያቀብሉትን እጆች አተኩሮ አየ።

«አንተ ነህ እንዴ የሣጥኗ ባለቤት?»

«አዎ። ምነው?»

«አይ ወንድሜ፣ መታጠፊያው ላይ እኮ ፍሬን አትይዝም! ስንቴ ነገርኩት ለጋሽዬ…»

ዳቦ ጋጋሪዋ በክርኗ ጎሸመችው።

«ምን ትጎሽሚኛለሽ? ሰውየው ሞቷል፤ ከእንግዲህ ለማን ብለን ነው የምንደብቀው?»

«ወይ አንተ! አፍህን ቢሰፉልህ ምን አለ» አለችና ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። «የኔ ጌታ፣ እሱን ተወው። ለነገሩ ግን መሀሉ እየበሰለልህ መጥቶ ነበር።»

ፀጉር አስተካካዩ ትሪውን እንደያዘ ወደ ወጥ ቤት ገባ። እትዬ ብርጭቆ ታጥባለች።

«እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች የኔን ሙዚቃ የት ሰሙት?»

የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ጆሮው ከድቶት ነበር» አለች።

«የማን?»

«የወንድምህ ነዋ! ያ ማሽን በላው። መጀመሪያ አንዱን፣ ኋላ ሁለቱንም። ኮንሰርቲናውን ስትጀምር ነጎድጓድ እንኳ አይሰማም ነበር።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አስምሎኝ። ‹ካወቀ መላኩን ይተዋል፤ መላኩን ከተወ መጫወቱንም ይተዋል› አለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።»

ፊቱ ቀላ። «ስለዚህ ይኼን ሁሉ ጊዜ የሾፌርና የዳቦ ጋጋሪ መሳቂያ ነበርኩ? እሱ አንዲት ድምፅ ሳይሰማ?»

«ተው፣ ክፉ አትናገር» አለች እጇን እየጠረገች። «ስልኩን ዳቦ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ያስቀምጥና ከፊታቸው ይቀመጣል። እሱ መች ስልኩን ያያል? ፊታቸውን ነው የሚያየው፣ ዓይኑን ሳይነቅል። ቅንድባቸው ንቅንቅ ካለ ‹እዚህ ጋ ምን ሆነ?› ይላል። ‹ኧረ ቆንጆ ነው› ካሉት ከንፈራቸውን አንብቦ ይቆጣል። ‹ቆንጆ ነው ካልኩት ጨረስኩ ብሎ ይተወዋል፣ ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ስህተቱን ንገሩኝ› ይላቸዋል። እነሱ የሚያውቁት ሊጥና መሪ ነው፤ እሱም ያሉትን እንዳሉት ይጽፍልሃል። ሲመለስ ግን ለኔ ሌላ ነው የሚያወራኝ። ‹ዛሬ ሾፌሩ ዓይኑን ጨፈነ› ይለኛል፣ ደስ ብሎት።»

ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳውን ተደገፈ። «የመጨረሻውስ?»

«ማታ ነው የደረሰው። የጻፍክለትን አነበበና ሳቀ። ‹ተናዷል፤ ደህና ሳይጫወት አልቀረም› አለ። ሲነጋ ዳቦ ቤት ይዞት ሊሄድ ነበር። ሲነጋማ…»

ወይ ነዶ! ማንም አልሰማውም ማለት ነው። በጋሼ ተናደደበት፤ ደግሞ በዕድሜው ሙሉ እንደዚያች ቅጽበት ወዶት አያውቅም። ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ያለው እንባ አሁን መጣ፤ በመዳፉ ጠረገና ወደ ሳሎን ተመለሰ።

ወንበር ስቦ ከሾፌሩና ከዳቦ ጋጋሪዋ ፊት ለፊት፣ ጉልበታቸው ሊነካካ እስኪደርስ ተጠግቶ ተቀመጠ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ለቅሶ ቤት ሙዚቃ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ» አለ። «ይኼ አንድ ግን ለሱ ነበር። አልደረሰም።»

ሾፌሩ ቆቡን አወለቀ። «ክፈተው» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

ከፈተው። ከዚያም ሁለት መዳፎቹን አንስቶ ጆሮዎቹን ግጥም አድርጎ ደፈነ።

የራሱ ደም ሹክሹክታ ብቻ ቀረው። ዜማውን በቃሉ ስለሚያውቀው በልቡ እየተከተለ ፊታቸውን ያያል። ዳቦ ጋጋሪዋ አንገቷን ዘንበል አደረገች። የሾፌሩ ከንፈር ላላ። ዜማው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ መታጠፊያው መጣ። የሾፌሩ ቀኝ እግር ወለሉን ጠበቅ አድርጎ ረገጠ። የዳቦ ጋጋሪዋን ቅንድብ አየ፤ ንቅንቅ አላለም። የሾፌሩ እግር ቀስ ብሎ ላላ፣ ዓይኖቹም ተጨፈኑ።

እትዬ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሽርጧን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

ማለቁን ያወቀው የስልኩ መብራት ሲጠፋ ነው። ሾፌሩ ዓይኑን ገልጦ አንድ ነገር አለው፤ ዳቦ ጋጋሪዋም ጎንበስ ብላ ጉልበቱን እየነካች አንድ ነገር አለችው። ፀጉር አስተካካዩ እጆቹን ከጆሮው አላነሳም፤ ገና ፊታቸውን እያየ ነበር።