የተጣለ ጎማ ፍለጋ በአዋራ በር

፩

የለም።


፪

«የለም ማለት ምን ማለት ነው?» ትሉ ይሆናል። ደምሰውም ያለው ይህንኑ ነው።

ደምሰው የአዋራ በር ከተማ የጎማ አወጋገድ ባለሙያ ነው። ከዋና ከተማ የሚመጡ ለጋሾች አሮጌ ጎማ ፈጭቶ ዱቄት የሚያደርግ ማሽን ሊሰጡ ተዘጋጅተዋል። ከመስጠታቸው በፊት ግን ሐሙስ መጥተው በየሜዳው የተጣለውን ጎማ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ካላዩ ማሽኑ ለሌላ ከተማ ይሄዳል፤ የጎማ ክፍሉም ይታጠፋል። የጎማ ክፍሉ ማለት ደግሞ ደምሰው ነው፤ ሌላ ሰው የለበትም።

እናም ከተማውን ሲያስስ ከረመ። የተጣለ ጎማ የለም! ጉድ እኮ ነው።


፫

ይህን ክፍል በዝርዝር ልጽፈው አስቤ ነበር። ዝርዝር ግን ሪፖርት ይመስላል፤ ሪፖርት ደግሞ ደምሰው የጻፈው ይበቃናል። ባጭሩ፣ በአዋራ በር ያለቀለትን ጎማ በረባሶ አድርገው ይጫሙታል። በረባሶ ካልሆነ የአልጋ ጠፍር ይሆናል፤ ጠፍር ካልሆነ ገንዳ ሆኖ አህያ ይበላበታል። ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ጣራ ላይ ይጭኑታል፤ የአዋራ በር ነፋስ ቆርቆሮ ነቅሎ መሄድ ልማዱ ነውና።


፬

ደምሰውና ጎሚስታው ጉደታ፣ ጎማ ቤቱ ደጃፍ ላይ፦

— የማይጠቅም ጎማ የለህም?

— ኧረ በሞትኩት! የማይጠቅም ጎማ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?

— የተጣለ።

— ማን ይጥለዋል?

— ለጋሾች ሊያዩት ነው እኮ።

— እንግዲያው ጠቀመ ማለት ነዋ!


፭

«ቆሻሻ የሌለው ከተማ እንዴት የቆሻሻ ፕሮጀክት ያገኛል?» አለ የደምሰው ኃላፊ በግምገማ ላይ ጠረጴዛ እየደበደበ። «ይሄ የአመለካከት ችግር ነው! ሕዝቡን አስተባብርና ቆሻሻ አቅርብ!»

ደምሰው ምን ያድርግ?

ተዋሰ።

«እስከ ሐሙስ ማታ ብቻ» እያለ በየቤቱ ዞሮ ተዋሰ። ከአህያው ፊት ገንዳውን አነሳ፤ ከጉደታ ደጃፍ የጎማ መቀመጫውን ወሰደ። ክምሩ ግን አሁንም ለፎቶ አይበቃም።


፮

አማት ያላችሁ አንባቢዎች እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ደምሰውም የሚስቱ የትርሲት እናት፣ ወይዘሮ እታፈራሁ ቤት ሄደ። ቤታቸው ከተማው ዳር ነው፣ ነፋሱ በሚገባበት በኩል። የጣራው ሚስማር በዝገት አልቋል፤ ቆርቆሮውን የያዘው የጭነት መኪና ጎማ ብቻ ነው።

«እማማ፣ ለሐሙስ ብቻ… ጎማዎቹን…»

«ጣራዬን ነው?»

«ኧረ ጎማዎቹን ነው እንጂ!»

«ያው ነው፣ ልጄ።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ጣራቸውን ቀና ብለው አዩና፣ «የልጄ ባል ሥራ ከሚፈታ እኔ አንድ ቀን ብሰጋ ይሻላል። ብቻ ማታ ትመልሳለህ» አሉ።

«እናቴ ትሙት!» አለ።

እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል።


፯

ሐሙስ። ክምሩ ያስፈራ ነበር! ከላዩ ባነር ተሰቅሏል፦ «ጎማን አስወግደን ጤናማ ትውልድ እንገንባ!» ለጋሾቹ አይተው እጅግ አዘኑ፤ ማዘናቸውም ደስ አሰኛቸው። ፎቶ ተነሡ። ከዚያ የቡድኑ መሪ አንድ ነዋሪ ይናገር አለችና፣ ዓይኗ ከሕዝቡ መሀል ወይዘሮ እታፈራሁ ላይ አረፈ።


፰

ከድምፅ የተገለበጠ።

መሪዋ፦ እማማ፣ ይህ ቆሻሻ ምን ያህል አስቸገረዎት?

ወ/ሮ እታፈራሁ፦ የቱ ቆሻሻ?

መሪዋ፦ ጎማው።

(ወይዘሮ እታፈራሁ ደምሰውን ያዩታል። ደምሰው መሬት መሬት ያያል።)

ወ/ሮ እታፈራሁ፦ ኧረ ተይኝ ልጄ፣ አንገሽግሾኝ ነበር! እንቅልፍ ነሳኝ እኮ። ይሄ የልጄ ባል ባይደርስልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?

(ጭብጨባ።)

መሪዋ፦ እንግዲያው ደስ ይበልዎት! ማሽኑ እስኪተከል አትቸገሩም። ጎማውን ዛሬውኑ ጭነን ወስደን እናስፈጨዋለን። መኪና ይዘን መጥተናል።

(ጭብጨባ የለም።)


፱

የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቷል፤ ባነሩ ይርገበገባል። ጉደታ ከኋላ «ኧረ ጉድ!» ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። ኃላፊው ደምሰውን በዓይኑ ይገርፈዋል።

እዚህ ጋ ለደምሰው ሁለት መልስ ጽፌ ሁለቱንም ሰረዝኩ፤ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። ደመወዝ የምትበሉ ለምን እንደሰረዝኩ ይገባችኋል። እናት ያላችሁም ይገባችኋል።

ወይዘሮ እታፈራሁ ደምሰውን ሲያልፉ ጠጋ አሉትና፣ «ጫኑ በላቸው፣ ልጄ። ነፋሱ እንደሆን የለመድኩት ነው» አሉት በለሆሳስ።

ነጠላቸውን አጥብቀው አጣፉ፤ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ግን አላዩም።

«አቶ ደምሰው፣» አለች መሪዋ ማይኩን እየሰጠችው፣ «ይጫን?»


፲

ደምሰው፦