አሥራ ሁለቱ ደግ ቀናት

አሪጅ ቡራዩ ከገባች አሥራ አንድ ወር ሞላት። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ በሯን ያንኳኳው ሰው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው። እሱም ቤት ተሳስቶ ነው።

ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጎረቤቶቿ ክፉ አልነበሩም። መንገድ ላይ ሲያገኟት ፈገግ ይላሉ፣ «አከም ጅርታ?» ይሏታል፣ እሷም የተማረቻትን «ነጋ!» ትመልሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ወገን ቃል ያልቅበታል። አማርኛዋ ከሽንኩርትና ቲማቲም አያልፍም፤ ኦሮምኛዋ ሰላምታው ላይ ያበቃል። ዐረብኛ የሚያወራት አንድ ሰው ባሏ አክመል ነው። አክመል ኦምዱርማን ስምንት ዓመት የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሲሠራ ኖሮ፣ እዚያው አግብቷት፣ ጦርነቱ ሲነሳ በመተማ በኩል ይዟት የመጣ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አሸዋ ሜዳ ወዳለው ሥራ ቦታው ይሄዳል፤ ሲመሽ ይመለሳል፣ ራቱን ይበላል፣ ዐይኑ ይከደናል። ዐረብኛውም አብሮት ይተኛል።

ኦምዱርማን ሳለች የግቢያቸው በር ተዘግቶ አያውቅም ነበር። ጎረቤት «አለሽ ወይ?» እያለ ዘው ይላል፤ ሻይ ሳይጠጣ የሚወጣም የለም። እዚህ የቆርቆሮው በር ከውስጥ ይቆለፋል። ብርዱስ! ለብርዱስ ሁለት ሹራብና አንድ ካልሲ ይበቃው ነበር፤ ቀኑ ነው አልገፋ ያላት። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ የራሷን ድምፅ ለመስማት ብላ ድስቱን ታናግረዋለች፣ ከዚያ ታፍራለች።

እናቷ ሐጃ መኪያ «ቤቴን ለማን ጥዬ?» ብለው ኦምዱርማን ቀሩ። ኔትዎርክ ሲገኝ፣ በሳምንትም ይሁን በሁለት ሳምንት፣ የድምፅ መልእክት ይልካሉ። ስለ ተኩሱ አያወሩም፤ ስለ ደም ግፊታቸውም አያወሩም። የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ሰው አገኘሽ ወይ፣ ልጄ? በርሽን የሚያንኳኳ ሰው አገኘሽ?» አሪጅም «እያገኘሁ ነው፣ እናቴ» ትላለች። ይህቺ ውሸት ሆዷን ትበላት ነበር። አንድ ቀን እውነት አድርጋ ልትመልስላቸው ነበር ምኞቷ ሁሉ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል መብራት ሁለት ቀን ጠፋና ሞባይሏን አክመል ሥራ ቦታው ወስዶ ቻርጅ እንዲያደርግላት ሰጠችው። የዚያን ዕለት ገና በዘጠኝ ሰዓት ተመለሰ። ዐይኑ ቀልቷል። «ምን ሆንክ?» ስትለው «ብናኝ ገባብኝ» አላት። በእጁ አንድ ፌስታል ማንጎ ይዟል። ማንጎ እንደምትወድ የነገረችው በተጋቡ ሰሞን ነበር፤ ትዝ ብሎት አያውቅም።

እኔ እንኳ አልደብቅም፦ ሐጃ መኪያ ሞተው ነበር። ወንድሟ ከሊፋ ከፖርት ሱዳን ሲደውል ስልኳን ያነሳው አክመል ነው። አክመልም መጀመሪያ የነገረው ለሚስቱ ሳይሆን ሰበታ ላሉት አክስቱ ለእትዬ ሰይዳ ነው፤ ከልጅነቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እትዬ ሰይዳ ጮኹበት። «እንዴት ያለኸው ነህ! የባዳ ልጅ፣ እናት አባት የሌላትን፣ አንተ ብቻህን ቆመህ መርዶ ልታረዳት? በኋላ እንደ ጉድ ወድቃ ብትቀርብህስ? ሰው ይሰብሰብ፣ እኔም ልምጣ፣ በጠዋት በወጉ ትረዳለች። እስከዚያ አፍህን ዝጋ!» አክመል አፉን ዘጋ። ከሊፋንም «ነግሬያታለሁ፣ ግን መናገር አቅቷታል፤ ራሷ እስክትደውል ማንም እንዳይደውልላት» አለው።

አይ አክመል! ለክፋት ቢያደርገው እንኳ በቀለለ ነበር። በማግሥቱ ለጎረቤቶቹ ነገረ፤ እትዬ ሰይዳ ግን ጉልበታቸውን ታመው ነበርና አንዱ ቀን ለሌላው እየተላለፈ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ።

አሥራ ሁለት ቀን! ለአሪጅ እንደዚያ ያለ ጊዜ ቡራዩ ላይ መጥቶ አያውቅም። መጀመሪያ የመጣችው አከራይዋ ራቢአ ናት፤ በሰሃን ጭኮ ይዛ። በማግሥቱ ከማዶ ያሉት ሴቶች መጡ፤ ልብስሽን ካላጠብንልሽ አሉ። ወደ ገበያ ስትወጣ ዘንቢሏን የሚቀበላት አታጣም። የባለ ሱቁ ሚስት እቅፍ አድርጋ ግንባሯን ሳመቻት፣ ያለ ምክንያት። እዚህ አገር የተወለደ ሰው ቢሆን በሦስተኛው ቀን ብርክ ይይዘው ነበር፤ ደርሶ የሚመጣ ደግነት ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። እሷ በምን ትወቀው? አክመልን «ሰዎችህ ወደዱኝ!» አለችው ማታ፣ ፊቷ በርቶ። እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ «አዎ፣ ወደውሻል» አላት።

ለእናቷ በየቀኑ መልእክት ትልክ ጀመር። «እናቴ፣ ሰው አገኘሁ! በአላህ እምልልሻለሁ፣ ዛሬ አራት ሰው ነው ያንኳኳው። ራቢአ የምትባል አለች፣ ስትስቅ ጎረቤታችንን ሐሊማን ነው የምትመስለው...» መልእክቱ አለመድረሱን የሚያሳየውን አንድ ጭረት ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ያም አዲስ ነገር አልነበረም፣ ኦምዱርማን ኔትዎርክ ከጠፋ ሰንብቷል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ራቢአ ግቢ የእድር አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረው አየች። «ምንድነው?» ስትላት ራቢአ የምትለው ጠፍቷት «ሰርግ... ሰርግ አለ» አለች። አሪጅ ይህቺን ቃል ታውቃታለች፤ እጇን አጨበጨበች። ሰርግ! እሷ ደግሞ ከአገሯ ካመጣችው አንድ ሻንጣ ውስጥ እስካሁን ያላወጣችው ሂናዋን ነበር። ሮጣ አመጣችው። ራቢአን እጇን ይዛ አስቀመጠቻት፤ «እኔ እሠራለሁ፣ ሱዳን፣ ቆንጆ!» እያለች። ራቢአ «ተይ፣ ተይ የኔ እናት» ብትልም በምን አፏ ታስረዳት? ከጣቷ ጫፍ እስከ ክንዷ አበባና ቅጠል ሣለችላት። በራሷም እጅ ላይ ሣለች። ራቢአ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ሽታው ነው?» አለች አሪጅ በዐረብኛ፣ ስቃ፣ «ይለመዳል፣ ትንሽ ነው የሚያቃጥለው» ብላ በሻርፗ ጫፍ ዐይኗን ጠረገችላት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አክመል ቀድሞ ለብሶ ተነስቷል። አሪጅ ከፍታ ስታይ ሃያ የሚሆን ሰው በር ላይ ቆሟል፤ ከፊት እትዬ ሰይዳ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ከኋላ ራቢአ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ። የሰርጉ ሰው ነው፣ እኔን ሊወስዱኝ መጥተው ነው ብላ ልቧ በደስታ ዘለለ። «ግቡ! ግቡ!» አለች። የቤቷ ወንበር አልበቃ ሲል አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ትራስ መሬት ላይ ዘረጋች። ሻይ በወተት አፈላች፣ እንደ አገሯ ወግ። ማንም አላስቆማት። እትዬ ሰይዳ እንኳ «ተዉአት፣ ተቀመጪ ብትሏት እሺ አትልም» ብለው ራሳቸውን ያዙ። አሪጅ እየዞረች «ስኳር ስንት?» ስትል አንዷ «አንድ»፣ አንዷ «ሁለት» አለቻት። ሃያ ብርጭቆ በሰው እጅ ተያዘ፤ አንድም ሰው አልጠጣም።

ያኔ ነው የሁሉንም ፊት ያየችው።

እትዬ ሰይዳ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። በአማርኛ ብዙ ነገር ተናገሩ፤ ስለ አላህ፣ ስለ ሁላችንም መንገድ። ከዚያ ሁሉ የገባት «እናትሽ» የሚለው ነበር። ወደ አክመል ዞረች። አክመል በዐረብኛ ነገራት፣ ዐይኑን ሳያነሳ። ሴቶቹም እስከዚያ የያዙትን ለቅሶ ለቀቁት። አሪጅ ግን አላለቀሰችም። «መቼ?» አለች። «መቼ ነው የሞተችው?»

«ያኔ... መብራት የጠፋ ቀን።»

በጣቷ ቆጠረች። የሂናው ጥቁር አበባ ጣቷ ላይ ነበር።

ስልኳን አንስታ ለከሊፋ ደወለች። ከሊፋ ድምፅዋን እንደሰማ ተንሰቀሰቀ። «እህቴ፣ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እስክትችይ ጠበቅኩሽ» አላት። አልችል ያለች መስሎት ነው፤ ለእናቷ አልቅሳ ለወንድሟ ቃል ያጠረባት መስሎት። ያኔ ጮኸች። ያቺ ጩኸት እስከ አስፋልቱ ተሰማች ይላሉ።

ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ ሰው አላጣም። ድንኳን ተተከለ፣ ሴቶቹ በተራ አብረዋት አደሩ፣ በግድ አጎረሷት፣ እግሯን አጠቧት። ሰው ማለት እንደዚህ ነው፣ ሐሰት የለውም። አሪጅ ግን በመካከላቸው ተቀምጣ ከድስቱ ጋር ካወራችበት ቀን ይልቅ ብቻዋን ነበረች። የሚሉት አይገባትም፤ የገባትን አታምንም።

ሰው ሁሉ ሲበተን አክመል አጠገቧ ተቀመጠ።

«ብቻሽን እንዳታለቅሺ ብዬ ነው» አላት። «ወጋችን ነው። ሰው እስኪሰበሰብ...»

«በእኛ አገር በዚያው ሰዓት ነው የሚነገረው። ሐዘኑ ሦስት ቀን ነው፣ አክመል። ሦስቱን ቀን ማንጎ በላሁ፣ ሳቅኩ።»

«ለአንቺ ብዬ...»

«ብቻሽን እንዳታለቅሺ ነው የምትለው። እናንተ ሁላችሁ ውስጣችሁ ሲያለቅስ ብቻዬን የሳቅኩትስ?»

አክመል አብሯት አለቀሰ፤ እሷም እንዲያለቅስ ተወችው፤ ጥፋቱ ከክፋት እንዳልሆነ ታውቃለች፣ ማወቋ ግን ምንም አላቀለለላትም።

ክረምቱ በዝናብ ገባ። ራቢአ አሁን በእውነት ወዳጅ ሆና ሁለት ሦስቴ ብቅ አለች፤ አሪጅ በሩን ገርበብ አድርጋ «አሞኛል» እያለች መለሰቻት። አክመልም ተጨነቀ። ሚስቱ ትበላለች፣ ትሰግዳለች፣ ታጥባለች፣ ቃል ግን የላትም። ምን ላድርግ ብሎ ሲያስብ ሰንብቶ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ ለአመል ያህል ብቅ ስትል፣ ሥራ ቦታውን አልከፍትም አለ። እሑድ ዘግቶ አያውቅም።

«ተነሺ፣ ልበሺ» አላት፣ ፊቱን ፈካ አድርጎ። «ሱሉልታ እንሂድ። ሜዳው ላይ ሯጮቹ ሲለማመዱ እናያለን፣ ትኩስ ወተት እንጠጣለን። አንቺና እኔ ብቻ።»

አሪጅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አንድ ጫማ አጥልቃ ነበር። ወደ ባሏ ቀና ብላ ፊቱን መረመረችው፤ ዐይኑ ቀልቶ እንደሆነ፣ እጁ የሚደብቀው ነገር ካለ።

«ማን ሞተ?» አለችው።

«ማንም! ወላሂ ማንም አልሞተም። እንዲሁ ነው፣ ደስ እንዲልሽ ብዬ...»

«ስልክህን ስጠኝ።»

ሰጣት። ከሊፋ ጋ ደወለች። ደህና አደርክ እንኳ ሳትለው ስም መጥራት ጀመረች፤ ሚስቱን፣ ሁለቱን ልጆቹን፣ አክስቶቻቸውን፣ ካርቱም የቀረውን አጎታቸውን። እሱ «ደህና ነች» ባለ ቁጥር «ድምፅዋን መቼ ሰማህ?» እያለች። አክመል ጃኬቱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። ጨርሳ ስልኩን መለሰችለት።

«አሁን ደግሞ ሰበታ ደውል» አለችው። «እትዬ ሰይዳን ራሳቸውን አገናኘኝ።»

አክመል ሳይከራከር ደወለ። አሮጊቷ «ሄሎ! ማን ልበል?» ሲሉ አሪጅ ሰማቻቸው፤ በሕይወት አሉ። ስልኩን ዘጋችው፣ ጎንበስ ብላ ሁለተኛውን ጫማዋን አጠለቀች።