ለአራት መደብ አበባ የሚበቃ ጉዝጓዝ

ተጠባባቂ ኃላፊው በጠቅላላ አገልግሎት ወንበር ላይ የተቀመጠው «እስከዚያው ያዝ» ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጁ ተወልዶ፣ ጥርስ አውጥቶ፣ የወተት ጥርሱን ጥሎ ትምህርት ቤት ገብቷል። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ዛሬም «ተ/ኃላፊ» ይላል። ሚስቱ «አንድ ፊደልና አንድ ጭረት ናት እኮ፤ በጥፍርህ ፋቃት» ትለዋለች። እሱ ግን በሕጋዊ መንገድ እንድትፋቅለት ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ አዲሷ ዳይሬክተር በመጡ ሰሞን «ፊት ለፊት ያሉት አራቱ የአበባ መደቦች ይጎዝጎዙ፤ ሥራውን ልይና ስለ ሹመትህ እንነጋገራለን» ሲሉት፣ ልቡ ከወንበሩ ቀድማው ተነሳች።

ጉዝጓዝ ማለት ያው አፈሩ እርጥበቱን እንዲይዝ፣ አረሙም ቀና እንዳይል በአበባው ሥር የሚበተን የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። አራት ጣት ከፍታ ይበቃዋል። ስንት መኪና እንደሚፈጅ ማወቅም ተአምር አይደለም፤ ርዝመቱ በስፋቱ፣ እሱም በከፍታው ይባዛል፣ አለቀ። በዚያ መሥሪያ ቤት ግን ቁጥር እንደ አራስ ልጅ ነው። ከእጅ እጅ ሲሸጋገር፣ እንዳይበርደው ሁሉም አንዳንድ ነገር ይደርብለታል።

አትክልተኛዋ መደቦቹን በገመድ ለካች። ሁለት ትንንሽ ገልባጭ መኪና ይበቃል። ግን አለቃዋ የጠየቀችውን ሁሉ በግማሽ እንደሚቆርጥ ታውቃለች። ስድስት መኮትኮቻ ጠይቃ ሦስት አግኝታለች። አንድ ጥንድ ቦቲ ስትጠይቅ ደግሞ «የትኛው እግርሽ ነው የሚብስብሽ?» ተብላለች።

«አራት መኪና፣ ጋሼ» አለችው።

«አራት? እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔን ካላመኑ ጎንበስ ብለው ይለኩታ።»

ጎንበስ አላለም። ሹመቱ የተንጠለጠለበት ሥራ ነውና ይሄኛውን አልቆረጠም፤ ግዢ ክፍል ፊት ያለ ደረብ መቅረብ ሞኝነት ነው ብሎም ስምንት ጻፈ። የግዢ ክፍሉ ሽማግሌ ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«ስምንት?»

«መጠባበቂያም አለበት፣ አባባ።»

«ይሄንን ነው መጠባበቂያ የምትለው? አዲስ አለቃ ሥልጣኗን የምታሳየው በመቁረጥ ነው። የምትቆርጠው ነገር እንስጣት እንጂ» ብለው አሥራ ስድስት አደረጉት።

የቀድሞው ዳይሬክተር ቢሆኑ ቀይ እስክሪብቷቸውን መዘው በአንድ ጊዜ አራት ያደርጉት ነበር፤ ለሁሉም ሰላም ይሆን ነበር። አዲሷ ግን ሰው የተናገረውን ማለቱ ነው ተብሎ ከሚታመንበት አገር የመጡ ይመስላሉ። «ባለሙያ የገመተውን እኔ ምን አውቄ እቆርጣለሁ» ብለው ፈረሙ። ከዚህ የከፋ ጭካኔ በዚያ ሕንፃ ታይቶ አይታወቅም።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ገልብጠው ሲወጡ ተጠባባቂው ሹፌሮቹን እየጨበጠ ያመሰግን ነበር። ሌላ መኪና መጣ። ከኋላውም ሌላ። ፍቅፋቂው መደቦቹን ሞልቶ፣ የእግር መንገዱን ውጦ፣ የጥበቃውን ቤት በር ዘጋ። ጥበቃው በመስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ «አለቃ፣ እኔም ልጎዘጎዝ ነው?» አለ።

«አራት ጣቱን ተዉት» አለ ተጠባባቂው ላቡን እየጠረገ። «እስከ ጉልበት ይሁን።»

አትክልተኛዋ አካፋዋን ተደግፋ «የማን ጉልበት?» አለች።

ከሰዓት ዳይሬክተሯ የግዢ ክፍሉን ሽማግሌ አስከትለው ወረዱ። ከአበቦቹ ሁሉ የምትታየው አንዲት ጽጌረዳ ነበረች፤ እሷም ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ከአንገቷ በላይ ብቻ። ከመደቦቹ የተረፈው ፍቅፋቂ ደግሞ ከጎን ተቆልሏል።

«አበቦቹስ?»

«ከሥር ናቸው» አለ ተጠባባቂው። «አይበርዳቸውም።»

«ማን ነው ይሄን የገመተው?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ማጽዳት ያዙ። አትክልተኛዋ አካፋዋን ገና ዛሬ እንዳየችው ዕቃ አገላበጠች። እውነቱን መናገር «እርስዎ ይቆርጣሉ ብለን ሁላችንም ዋሸን» ማለት ነው። በእንዲህ ያለ አረፍተ ነገር የተሾመ ሰው የለም።

«እኔ ነኝ» አለ ተጠባባቂው። «የወደፊቱን አስቤ ነው።»

«ለስንት ዓመት ይበቃናል?»

በሆዱ ሦስት ነበር ያለው። አፉ ግን ከልማዱ መጠባበቂያ ጨመረበት። «ለስድስት።»

ዳይሬክተሯ አሁንም አልቆረጡም። «በጣም ጥሩ። እንዲህ አርቆ የሚያስብ ሰው ከጀመረው ሥራ መነሳት የለበትም። ይሄ እስኪያልቅ ባለህበት ቆይ፤ ስለ ሹመቱ ያኔ እንነጋገራለን።»

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሲወልድ፣ ጎረቤት ቤት ሲቀይር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ፍቅፋቂ ተሸክሞ ይሄዳል። አማቱ «ባዶ እጅህን ብትመጣስ ማን ይቆጣሃል፣ ልጄ?» ብለውታል። ቁልሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቀን አትክልተኛዋን ጥግ አስያዛት። «እስቲ በእናትሽ፣ ዝናቡም ሲመታው፣ ምስጡም ሲበላው፣ ይሄ ነገር በስንት ዓመት ያልቃል?»

ቁልሉን አየችው። ቀጥላ እሱን አየችው።

«በአራት ዓመት፣ ጋሼ።»

ፊቱ በራ። በግማሽ ሲቆረጥ ሁለት ነው። ወዲያው ግን ለአለቃ ክፉ ወሬ የሚነገረው ተቀንሶ እንደሆነ ትዝ አለው፤ እንዲያ ከሆነ ስምንት ነው። ይቁረጠው ወይስ ይደርብበት፣ ግራ ገባው።

«የእውነቱን ነው የጠየቅኩሽ» አላት።

«እኔስ መቼ የውሸቱን ነገርኩዎ?» አለችና አካፋዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች።